«ሳይቃጠል በቅጠል»፤ ግን በየትኛው ቅጠል?

በአዴት፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ አንድ ሕፃን በውሻ ቢነከስ፣ ለቤተሰቡ የሚቀርቡለት ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው «ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እገሌ የሚባል የታወቀ መድኃኒት ዐዋቂ አለ፤ እስከ ዛሬ በእሱ እጅ የሞተ የለም» የሚል ነው። ሁለተኛው ምክር ኃይለኛ ነው። ዐዋቂው ቅርብ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ የሚመሰክሩለትም ለመዋሸት አንዳች ምክንያት የሌላቸው፣ በዐይናቸው ያዩትን የሚናገሩ ጎረቤቶች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጎረቤቶች ማሳጣት አይደለም። ይልቁንም ቅን ሰው በዐይኑ ያየውን እየተናገረ እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል ማሳየት ነው፤ ከዚያም ማንኛውንም ሕክምና ለመጀመር የተዘጋጀ ሰው፣ ቅጠል ይሁን ክኒን፣ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት መጠቆም ነው። ይህ ጥያቄ የጎጃም ገጠር ብቻ ጥያቄ አይደለም። የተማሩት፣ የሠለጠኑት በሚባሉት አገሮችም ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ሄደን፣ ከዚያ ወደ አገራችን እንመለሳለን።

ለመሆኑ ሆሚዮፓቲ ምንድን ነው?

ሆሚዮፓቲ ሳሙኤል ሐነማን (እ.ኤ.አ. 1755–1843) የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የመሠረተው የሕክምና ስልት ነው። ሐነማን እ.ኤ.አ. በ1790 የወባ መድኃኒት የሆነውን የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ጤነኛ ሳለ ወስዶ ወባ የሚመስል የሕመም ስሜት ተሰማው። ከዚህ በመነሣት «በጤነኛ ሰው ላይ አንድን የሕመም ምልክት የሚያመጣ ነገር፣ ያንኑ ምልክት የሚያሳየውን ሕመምተኛ ይፈውሳል» የሚል ሕግ አወጣ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1796 ለንባብ ካበቃ በኋላ፣ በ1810 «ኦርጋኖን» በተሰኘው መጽሐፉ አስፋፍቶ አቀረበው። ስልቱ ዛሬም በሕንድና በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ሰፊ ተጠቃሚ አለው።

ሁለተኛው የሐነማን ሕግ ከመጀመሪያው የበለጠ የሚያስገርም ነው። አንድ እጅ መድኃኒት ከ99 እጅ ውኃ ወይም አልኮል ጋር ተቀላቅሎ በኃይል ይናጣል። ከዚህ ድብልቅ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና በ99 እጅ ይበረዛል፤ ይናጣልም። ይህ አሠራር 30 ጊዜ ያህል መደጋገሙ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ በተበረዘ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል ይባላል።

ነገሩን በምናውቀው መጠን እንለካው። የጣና ሐይቅ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል። አንዲት ጠብታ መድኃኒት ጣና ውስጥ ተጨምራ ሐይቁ በሙሉ ቢበጠበጥ፣ የሚገኘው ብርዘት ገና ዘጠነኛውን ደረጃ አይሞላም። መሬትን የሚያክል የውኃ ሉል ኖሮ ጠብታዋ እዚያ ውስጥ ብትገባ እንኳ ከ14ኛው ደረጃ ብዙም ፈቀቅ አንልም። ሠላሳኛው ደረጃ ከዚህ ሁሉ እጅግ የራቀ ነው። ኬሚስትሪ የተማረ አንባቢ ደግሞ በሌላ መንገድ ሊያሰላው ይችላል። በአንድ ሞል ንጥረ ነገር ውስጥ 6.022 × 10²³ ሞለኪዩሎች አሉ። 12 ጊዜ መበረዝ ማለት በ10²⁴ ማካፈል ነው። ስለዚህ በአንድ ሞል ብንጀምር፣ ከ12ኛው ደረጃ በኋላ አንዲት የመድኃኒቱ ሞለኪዩል እንኳ የመቅረቷ ዕድል እየመነመነ ይሄዳል። በሠላሳኛው ደረጃ ታካሚው የሚወስደው ውኃ፣ አልኮል ወይም ስኳር ብቻ ነው።

በሐነማን ላይ መሳቅ ግን ተገቢ አይደለም። የሞለኪዩሎች ብዛት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገመተው ሐነማን ከሞተ ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 በሎሽሚት አማካይነት ነው። ከዚህም ሌላ በዘመኑ የነበረው መደበኛ ሕክምና ሕመምተኛን በብዛት ማድማትና በሜርኩሪ ማስቀመጥ ነበር። ከዚህ ዓይነቱ ሕክምና ይልቅ ንጹሕ ውኃ የሚሰጥ፣ ዕረፍት የሚያዝ፣ የሕመምተኛውን ታሪክ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሐኪም ብዙ ሰው ቢያተርፍ የሚያስደንቅ አይሆንም። የሆሚዮፓቲ ሐኪሞች ያዩት ፈውስ እውነተኛ ነበር፤ የተሳሳቱት ፈውሱን ለጠብታዋ በመስጠታቸው ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያሉትን ጥናቶች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚፈውስ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም የጤና ችግር እንደሌለ ደምድሟል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎትም በ2017 ሐኪሞች እንዳያዝዙት መክሯል።

ከሆሚዮፓቲ መድኃኒቶች መካከል ካበደ ውሻ ለሐጭ ተወስዶ፣ በተጠቀሰው ሁኔታ እየተበረዘ የሚዘጋጅ አንድ አለ። «የሚመሳሰል በሚመሳሰለው ይድናል» የሚለው ሕግ መጨረሻው ይህ ነው። እኛንም ወደ አገራችን የሚመልሰን ይኸው ያበደ ውሻ ነው።

ኮሶ የሚያስተምረን፣ የእብድ ውሻ መድኃኒት የማያስተምረን

የባህል መድኃኒቶቻችን ከሆሚዮፓቲ የሚለዩበት አንድ ትልቅ ነጥብ አለ። በእነሱ ውስጥ በእርግጥ አንድ ነገር አለ። ኮሶ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። አባቶቻችን ስለ ኮሶ ያላቸው ዕውቀት ትክክል የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የኮሶ ትል ያለበት ሰው ሌሎች ሰዎች ሳይነግሩት ራሱ ያውቃል። ጠዋት በባዶ ሆዱ ኮሶውን ይጠጣል፤ ቀኑ ሳይመሽ ትሉ ሲወጣ ያያል። ካልወጣም ያውቃል። መንሥኤና ውጤት በአንድ ቀን ውስጥ፣ በዐይን ፊት ይገናኛሉ። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ዘመናት ያጠሩታል፤ የማይሠራው ይጣላል፤ የሚሠራው ይቀራል።

ኮሶ ሌላም ነገር ያስተምራል። መጠኑ ሲበዛ ከባድ ማስታወክንና ተቅማጥን ከማስከተሉም በላይ የዐይን ብርሃንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። የሚያሽር ነገር ሁሉ የመጉዳት አቅምም አለው። ዛሬ በኮሶ ምትክ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተመረጡት መጠናቸው በትክክል የሚታወቅ በመሆኑ ነው።

የውሻ ንክሻ ግን የተለየ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በቁስሉ ከገባ በኋላ የነርቭ መሥመርን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ በሳምንት ያልቃል፤ አንዳንዴም ዓመት ይደርሳል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚሰጠው ገና ላልታመመ ሰው ነው፤ «ሠራ» የሚባለውም ምንም ነገር ሳይሆን ሲቀር ነው። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ምንም አለመሆኑ የመድኃኒቱ ሥራ መሆኑን በምን እናውቃለን?

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ዐዋቂ በዘመኑ በውሻ የተነከሱ 100 ሰዎችን አከመ እንበል። የሚነክስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ 30ዎቹን ብቻ የነከሱት በእርግጥ ያበዱ ነበሩ ብለን እንውሰድ። ያበደ ውሻ የነከሰው ሁሉም አይታመምም፤ የቁስሉ ጥልቀት፣ ያረፈበት የሰውነት ክፍልና በመካከል የነበረው ልብስ ልዩነት ያመጣሉ። ከ30ዎቹ ስድስቱ ታመሙ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ መልእክታቸው ግን ግልጽ ነው። ዐዋቂው የሰጠው ቅጠል አንዳች ኃይል ባይኖረውም እንኳ 94 ሰዎች በሕይወት ተርፈው ያመሰግኑታል። ስድስቱ ከወራት በኋላ በየቤታቸው ይሞታሉ፤ ወሬው ወደ ዐዋቂው ዘንድ ላይደርስ ይችላል፤ ቢደርስም «የታዘዘውን አላከበረም» ይባላል። ዐዋቂው አልዋሸም፤ ጎረቤቶቹም አልዋሹም። ሙታን ግን አይመሰክሩም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር ነው። ልምድ ብቻውን ኮሶን ሊያስተምረን ይችላል፤ የእብድ ውሻን መድኃኒት ግን ሊያስተምረን አይችልም። ልዩነቱ በአባቶች ጥበብ ወይም ድንቁርና ሳይሆን በበሽታው ጠባይ ላይ ነው። የሆሚዮፓቲ ሐኪሞችን ያሳሳታቸውም ይኸው ነው፤ ጉንፋን በራሱ ጊዜ ሲለቅ ምስጋናውን የተቀበለችው ጠብታዋ ነበረች።

ከአዴት ማሳ የምንማረው

ታዲያ ልምድ የማይበቃ ከሆነ ምን ይበቃል? መልሱን ለማግኘት ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። አንድ አዲስ የስንዴ ወይም የጤፍ ዝርያ ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት ተመራማሪዎች ምን ያደርጋሉ? ዝርያውን ዘርተው «ጥሩ ምርት ሰጠ» ብለው ዝም አይሉም። ዝናቡ መልካም ስለነበረ ሊሆን ይችላልና። አዲሱን ዝርያ ከነባሩ ጎን ለጎን ይዘሩታል። ማሳው በአንድ ወገን ለም፣ በሌላው ወገን ሣሣ ያለ ሊሆን ስለሚችል ወደ ትንንሽ መደቦች ይከፋፍሉታል፤ የትኛው ዝርያ በየትኛው መደብ እንደሚዘራም በዕጣ ይወስናሉ። ይህንኑ ይደጋግሙታል። ነባሩን በተደጋጋሚ ያልበለጠ ዝርያ የማንም ቢሆን ይጣላል።

ይህ ዘዴ ከእርሻ ወደ ሕክምና የተሻገረ መሆኑን ልብ ይሏል። ዕጣን የግብርና ሙከራ መሠረት ያደረገው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሮተምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው። ከሃያ ዓመታት ገደማ በኋላ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ዘዴውን ወደ ሆስፒታል አስገባው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲታተም፣ መድኃኒቱን የወሰዱትና ዕረፍት ብቻ የታዘዘላቸው ሕሙማን የተለዩት በዕጣ ነበር። መድኃኒቱ ለሁሉ ስለማይበቃ ዕጣው ፍትሐዊም ነበር።

በሰውና በስንዴ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ስንዴ ተስፋ አያደርግም፤ ሰው ግን ያደርጋል። መድኃኒት ወሰድሁ ብሎ ያመነ ሰው ሕመሙ ቀለል ሊለው ይችላል። ስለዚህ በሕክምና ሙከራ ለንጽጽር የሚቀርበው ቡድን መልኩ መድኃኒት የሚመስል፣ ውስጡ ግን ባዶ የሆነ ማስመሰያ ይሰጠዋል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ሕመምተኛውም ሐኪሙም እንዳያውቁ ይደረጋል። ሆሚዮፓቲ ሊያልፍ ያልቻለው ይህንን ፈተና ነው።

የእኛ ዕፅዋትስ? የተፈተኑት ሁሉ አልወደቁም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። «ከታች» የሚለው ቃል ንጽጽርን ያመለክታል። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ምርምሮች እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ተረጋገጠ፤ አክሊሉም ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። በቻይናም ቱ ዩዩ የጥንት መጻሕፍትን መርምራ ከአንድ ቅጠል አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በማግኘቷ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷታል። በፍኖተ ሰላም ቆላማ ቀበሌዎች የሚሰጠው ኮአርተም ከዚሁ ቅጠል ዘር የመጣ ነው። ባህል ፈተናውን ሲያልፍ ስሙ መድኃኒት ብቻ ይሆናል።

ይኸው እንዶድ ግን በአገራችን ለውሻ ንክሻም እየተቀመመ ይጠጣል። ቀንድ አውጣን መግደሉ ሰውን ከእብድ ውሻ በሽታ ለማዳኑ ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም በብዛት ሲጠጣ ከባድ ማስታወክንና ተቅማጥን ያመጣል። እያንዳንዱ ይገባኛል ባይነት ለየብቻው መፈተን አለበት።

ታካሚ ሊጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች

ሕክምና ለመጀመር ያሰበ ሰው፣ ወደ ሆሚዮፓቲ ሐኪም ይሂድ፣ ወደ መድኃኒት ዐዋቂ ወይም ወደ ግል ክሊኒክ፣ የሚከተሉትን ቢጠይቅ ራሱን ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፦ ሕመሜ ሳይታከም ቢቀር ምን ይሆናል? በሳምንት የሚለቅ ጉንፋን ከሆነ ስሕተቱ ገንዘብ ያስከፍላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከሆነ ሕይወት ያስከፍላል።

ሁለተኛ፦ መድኃኒቱ መሥራቱን መቼና በምን አውቃለሁ? መልሱ «ምንም ሳትሆን ስትቀር» ከሆነ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፦ ዳኑ ከተባሉት ጋር መድኃኒቱን ያልወሰዱት ተነጻጽረዋል? የዳኑት ተቆጥረው ያልዳኑት ካልተቆጠሩ ቁጥሩ ግማሽ ነው።

አራተኛ፦ በውስጡ ያለው ምንድን ነው? መጠኑስ ስንት ነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። መድኃኒቱን የደበቀስ? ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ በምስጢር መተላለፉ ለባለቤቱ መብት ሊሆን ይችላል፤ ለሕፃን ወይም ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ መጠን ግን ምስጢር መሆን የለበትም።

አምስተኛ፦ ይህን ስጠብቅ ምን ያመልጠኛል? ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሆሚዮፓቲ በራሱ ውኃ ስለሆነ አይገድልም፤ የሚገድለው ሊታከም የሚችለውን ጊዜ ሲበላ ነው። የውሻ ንክሻ ክትባትም የሚሠራው ቫይረሱ ወደ አንጎል ሳይደርስ ቀድሞ ከተሰጠ ብቻ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ ክትባቱም በየጤና ኬላው አይገኝም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው። ሕፃን አዝሎ ግማሽ ቀን የሚጓዝ፣ መንገድ ሲዘጋም የሚመለስ ገበሬ ቅጠሉን ቢመርጥ በመሃይምነቱ ሊወቀስ አይገባም። ክትባቱን እስከ ወረዳ ድረስ ማዳረስ የጤናው ዘርፍ ዕዳ ነው፤ ውሾችን ማስከተብም እንዲሁ። ከውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው ከምንጩ ሊቆም እንደሚችል የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። ይሁን እንጂ በየትኛውም ጎጆ የሚገኝ አንድ መከላከያ አለ፦ ውኃና ሳሙና። ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ማጠብ ወደ ሰውነት የሚገባውን ቫይረስ በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ክትባቱ መጓዝ ነው።

«ባህልን መፈተን ባህልን መናቅ ነው» የሚልም ይኖራል። እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ። የአዴት ተመራማሪ የገበሬውን ነባር ዘር ከአዲሱ ጎን ሲዘራው አልናቀውም፤ ሊያሸንፍ የሚችል ተወዳዳሪ አድርጎ ቆጥሮታል እንጂ። ሳይፈተን «የአባቶች ነው» ተብሎ በክብር የሚቀመጥ መድኃኒት ግን እንደ ሙዚየም ዕቃ ተቆጥሯል።

መድኃኒት ዐዋቂዎችም ጠላት ተደርገው መታየት የለባቸውም። የተነከሰ ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደ እነሱ ከሆነ፣ ሕይወት ለማዳን ከማንም የቀደመ ዕድል ያላቸው እነሱ ናቸው። «እጠቡት፤ ዛሬውኑ ለክትባት ውሰዱት፤ ከእኔ የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው» የሚል አንድ የተከበረ ዐዋቂ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል። ጸሎትም ሆነ ጠበል ከክትባት ጋር አይጣላም። ሐኪም ቤቶችም ከእነዚህ ሰዎች የሚማሩት አለ፤ ሕመምተኛው የሚሸሸው አንዳንዴ መርፌውን ሳይሆን በሁለት ደቂቃ ተመርምሮ፣ ምን እንደሆነ ሳይነገረው መሸኘቱን ነው። ሆሚዮፓቲ ሁለት መቶ ዓመት የኖረው ከጠብታው ይልቅ በማዳመጡ ሳይሆን አይቀርም።

ለሳይንስ ተማሪዎች የቀረው ሥራ ግልጽ ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ በየመንደራችሁ የውሻ ንክሻ ጉዳይ መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «ኋላ ቀርነት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሰሚ አታገኙም። ስለ ኮሶና ስለ ውሻ ንክሻ ልዩነት ንገሩ፤ ስለ ስድስቱ ሙታን ጠይቁ፤ ገበሬውንም በሚያውቀው በማሳው ቋንቋ አነጋግሩት። ዘርን ያለ ንጽጽር የማይቀበል ሕዝብ ለልጁ የሚሰጠውንም መድኃኒት በዚያው ሚዛን ለመመዘን የሚያንስ አይደለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለእብድ ውሻ በሽታ ከምንም በላይ ይሠራል፤ ቀድሞ መድረስ ሁሉ ነገር ነውና። ቅጠሉ ግን የተፈተነው ይሁን።